የቀለም ውፍረት መለኪያ በካርማን ጊያ ቦዲ ላይ፦ ከወራት አጠቃቀም በኋላ

ይህን መሣሪያ ለመግዛት የምታስቡ ሰዎች ከሁሉ በፊት ማወቅ ያለባችሁ አንድ ነገር አለ፦ ስክሪኑ ላይ የወጣ ትልቅ ቁጥር ሁሉ ስቱኮ (ላሜራ ላይ ያለ ጉድጓድ የሚደፈንበት ሙሌት) አይደለም። በተለይ ካርማን ጊያ በተባለው፣ በቮልስ ሞተርና ሻንሲ ላይ በተሠራው የቆየ መኪና ላይ። ይህን ሳያውቅ የለካ ሰው ፋብሪካ በእጅ የሠራውን አፍንጫ በግራይንደር ፍቆ ያወርደዋል፤ አንዴ ከወረደ በኋላ ደግሞ የሚመልሰው የለም።

መሣሪያው በእጅ የሚያዝ፣ በሁለት ሞድ የሚሠራ፣ እስከ 1300 ማይክሮን የሚያነብ ነው (1000 ማይክሮን 1 ሚሊ ሜትር ነው)። በብረት ሞድ ከጫፉ እስከ ላሜራው ያለውን ርቀት በማግኔት ይለካል። በአሉሚኒየም ሞድ ማግኔት የማይስበው ነገር ግን ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ብረት ላይ ያለውን ሽፋን ያነባል። የፋብሪካ ቀለም አብዛኛውን ጊዜ ከ80 እስከ 180 ማይክሮን ነው። ከ200 እስከ 350 ከሆነ በላዩ ላይ ሌላ ቀለም ተረጭቷል። ከ500 ሲያልፍ ስቱኮ መጠርጠር ይገባል።

ግን አዲስ አበባ ውስጥ ያለ የቆየ መኪና ሁለትና ሦስት ጊዜ ሳይቀባ የቀረው ጥቂት ነው። ስለዚህ ከቁጥሩ ይልቅ የቁጥሩን ወጥነት ተመልከቱ። በሩ ሙሉ በሙሉ 380 ቢያነብ ቀለም ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ላዩ 150፣ ታችኛው ጠርዝ 900 ካነበበ ግን በሩ ከታች በልቶ ተደፍኗል።

አለካኩ ቀላል ነው፤ ትዕግሥት ግን ይጠይቃል። ላሜራው ታጥቦ ይድረቅ። በጠመኔ በየ10 ሴንቲ ሜትሩ ምልክት አድርጉ፣ በእያንዳንዱ ነጥብ ላይ ሦስት ጊዜ ለኩ፣ መካከለኛውን ቁጥር ያዙ። ጫፉ ቀጥ ብሎ ይረፍ፤ ትንሽ ካዘመመ ከፍ ያለ ቁጥር ይሰጣል። ከጠርዝ ቢያንስ 2 ሴንቲ ሜትር ራቁ። ካርማን ጊያ ቀጥ ያለ ቦታ የለውም ማለት ይቻላል፣ ስለዚህ አብሮ በሚመጣው ጠፍጣፋ ብረት ዜሮ ማድረግ ብቻውን አይበቃም። ቀለሙ በለቀቀበት፣ ተመሳሳይ ጉብታ ባለው ባዶ ላሜራ ላይ ዜሮ አድርጉና ውፍረቱ የታወቀውን ፕላስቲክ አስቀምጣችሁ አረጋግጡ። ጠዋት በብርድ የተስተካከለ መሣሪያ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ የመታው ኮፈን ላይ ሲያርፍ ይስታል፤ እንደገና ዜሮ ይደረግ።

ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ። እ.ኤ.አ. በ1955 የጀመረውና በ1974 የቆመው ካርማን ጊያ በሞተርም በሻንሲም ቮልስ ነው፤ ለማስነሳት ዕቃ አያሳጣም። ቦዲው ግን ፈጽሞ ሌላ ነው። ጀርመን ኦስናብሩክ በሚገኘው የካርማን ፋብሪካ አፍንጫው ከብዙ ቁርጥራጭ ላሜራ ተበይዶ፣ መጋጠሚያው በእርሳስና በቆርቆሮ ቅይጥ ተሞልቶ፣ በሞረድ ተስተካክሏል። የፊት ፓራፋንጎውም እንደ ቮልስ በብሎን አይፈታም፤ ከቦዲው ጋር የተበየደ ነው። ማግኔት እርሳስን ስለማይስበው መሣሪያው እርሳሱን ከቀለሙ ጋር ደምሮ ይቆጥረዋል፣ ወይም ከመጠኑ ስለሚያልፍ ምንም አያነብም።

መለያው ይኸው ነው፦ በዚያው ነጥብ ላይ በእጃችሁ ወደ አሉሚኒየም ሞድ ቀይሩ። ቁጥር ከሰጠ ከስር ያለው እርሳስ ሳይሆን አይቀርም፤ ወፍራም ስቱኮ ኤሌክትሪክ ስለማያስተላልፍ አብዛኛውን ጊዜ ምንም አያነብም። ቁጥሩ ራሱ ትክክል አይሆንም፣ ምክንያቱም መሣሪያው የተስተካከለው ለአሉሚኒየም ነው፤ እንደ አዎና አይደለም መልስ ብቻ ውሰዱት። ጥርጣሬ ከቀረ በማይታይ ቦታ በምላጭ ጫር አድርጉ። እርሳስ ለስላሳና ብርማ ሆኖ ያበራል፣ ስቱኮ ዱቄት ይሆናል። እርሳሱን በደረቁ በግራይንደር አትንኩት፣ አቧራው መርዝ ነው፤ ሞረድ፣ ማስክና እጅ መታጠብ ግድ ነው። ባትላሜራውንም አስቀድማችሁ አስጠንቅቁ፦ ቅይጡ በ183 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ መለስለስ ስለሚጀምር በአጠገቡ በካርቦን (በጋዝ እሳት) ከተበየደ ቀልጦ ይንጠባጠባል።

መሣሪያው ጨርሶ የማይነግራችሁ ነገርም አለ። ተፍቆ እንደ አዲስ የተቀባ ላሜራ ወይም በቅርብ ጊዜ የተመረተ ቅጂ 120 ሊያነብ ይችላል፤ ይህ ኦሪጅናል አያደርገውም። ለዚህ ዓይን ያስፈልጋል። የፋብሪካ ነጥብ ብየዳ ክብና ትንሽ ጎድጓዳ ሆኖ በተቀራረበ ልክ ይደረደራል፤ የጋራዥ ብየዳ ያበጠና የተዘበራረቀ ነው። የሻንሲ ቁጥሩ ከኋላ መቀመጫ ስር በመሃል ቱነሉ ላይ ተመትቷል። ከነሐሴ 1964 እ.ኤ.አ. ጀምሮ 14 ብሎ ይነሳና ሦስተኛው አኃዝ የሞዴሉን ዓመት ያሳያል፤ 147 ካለ የ1967 ሞዴል ነው። የፊት መብራቶቹ ዝቅ ያሉት እስከ 1959 ሞዴል ድረስ ነው፤ ስለዚህ 147 የሚል ሻንሲ ላይ ዝቅ ያለ መብራት ከታየ አፍንጫው ወይም ሻንሲው ከሌላ መኪና መጥቷል።

ሶማሌ ተራ ላይ ዕቃ ስትፈልጉ በዕቃው ወይም በካርቶኑ ላይ ያለውን ቁጥር አንብቡ። የመጀመሪያዎቹ ሦስት አኃዞች 111 ወይም 113 ከሆኑ የቮልስ ነው፤ የካርማን ጊያ 141 ወይም 143 ነው። መካከለኞቹ 821 ፓራፋንጎ፣ 823 የፊት ኮፈን፣ 831 በር ናቸው። መጨረሻው ጎዶሎ ከሆነ ግራ፣ ሙሉ ከሆነ ቀኝ።

የአጠቃቀሙን ነገር ካነሣን፦ ባትሪው ብዙ ይቆያል፣ ሲደክም ግን ሳያስጠነቅቅ ቁጥሩን ያዛባል። የመለኪያ ፕላስቲኮቹ ተጨማደዋል፤ የተጨማደደ ፕላስቲክ ደግሞ ከእውነተኛው ውፍረት በላይ ያስነብባል፣ በመጽሐፍ መሃል ማስቀመጥ ይሻላል። በፀሐይ ስክሪኑ አይታይም። ትልቁ ቅሬታችን ግን 1300 ማይክሮን ለአሮጌ መኪና ማነሱ ነው። እንደገና የምንገዛ ቢሆን እስከ 2000 የሚያነብና ሞዱ በእጅ የሚመረጥ እንመርጣለን። ሞዱን ራሱ ብቻ የሚመርጥ ከሆነ የእርሳሱን ምርመራ አስተማማኝ አድርጎ መሥራት ስለማይቻል ለዚህ መኪና አንመክረውም።