የሰሜን ቨርጂኒያ የሰመር ዋና ሊግ፦ ልጁ ክለብም ላለው ቤተሰብ

ዓመቱን ሙሉ በዋና ክለብ የሚሠለጥን ልጅ በሰመር ደግሞ በሰፈሩ ገንዳ ቡድን ውስጥ ቢገባ ይጠቅመዋል ወይስ ያደክመዋል የሚለው ጥያቄ፣ በፌርፋክስ፣ በስፕሪንግፊልድና በአሌክሳንድሪያ አካባቢ የምንኖር ወላጆች ኤፕሪል በመጣ ቁጥር የምንነጋገርበት ጉዳይ ነው። እኛ ልጃችንን በአንድ የሰፈር ቡድንም በአንድ ክለብም ይዘን ከአንድ ሰመር በላይ ስላሳለፍን፣ የሰፈር ገንዳ ቡድኖቹን የሚያወዳድረውን የሰሜን ቨርጂኒያን የሰመር ዋና ሊግ ለቤተሰብ እንደሚሰጥ አገልግሎት ቆጥሬ ያየሁትን እጽፋለሁ። ፍርዴን አስቀድሜ ለመናገር፣ ዕድሜው ከ12 ላልበለጠ ልጅ ሊጉ ከክለቡ ውድድር ጋር እየተጋጨም ቢሆን ሊተው የማይገባው ነው፤ ግጭቱ ግን ገንዳዎቹ ከመከፈታቸው በፊት መፈታት አለበት።

ሊጉ በ1956 የተመሠረተ ሲሆን ዛሬ ከ100 በላይ የሰፈር ቡድኖችን እንደ ፍጥነታቸው ስድስት ስድስት አድርጎ በምድብ ያወዳድራል። እያንዳንዱ ቡድን ከምድቡ አምስት ተጋጣሚዎች ጋር በአምስት ቅዳሜዎች ጠዋት አንድ ለአንድ ይገናኛል፤ ከዚያ በጁላይ መጨረሻ ገደማ የምድብ ሻምፒዮና ይደረጋል። በአንድ ውድድር ከየቡድኑ ሦስት ሦስት ዋናተኞች በስድስቱ መስመሮች ይሰለፋሉ፤ አንደኛ የወጣ 5፣ ሁለተኛ 3፣ ሦስተኛ 1 ነጥብ ያስገኛል። አራት ልጆች እየተቀባበሉ በሚዋኙበት በቅብብል ደግሞ ያሸነፈው ቡድን 5 ነጥብ ሲወስድ የተሸነፈው ባዶ እጁን ይቀራል። አንድ ልጅ ከቅብብሉ ውጪ ከሁለት በላይ ውድድር አይዋኝም። ርቀቱም አጭር ነው፤ 8 ዓመትና ከዚያ በታች ያሉት 25 ሜትር፣ ትልልቆቹ በአብዛኛው 50 ሜትር ይዋኛሉ። ለቅዳሜው ያልደረሱ ልጆች ሰኞ ማታ በሚደረገው የጀማሪዎች ውድድር ሰዓታቸውን እያሻሻሉ ተራቸውን ይጠብቃሉ፤ እኔ በግሌ የዚህ ሊግ ትልቁ ጥበብ ይህ የሰኞ ማታ ውድድር ነው ባይ ነኝ፤ ምክንያቱም ቀርፋፋ የሚባለው ልጅም ስሙ ተጠርቶ፣ ሰዓቱ ተይዞለት፣ ተጨብጭቦለት ይወጣል።

የአገሪቱ የዋና ማኅበር የዩኤስኤ ስዊሚንግ የአካባቢያችን ቅርንጫፍ በሆነው በፖቶማክ ቫሊ ስዊሚንግ ሥር ያሉት ክለቦች በዚያው ወቅት የሚያካሂዱት ውድድር ከዚህ በብዙ ይለያል። የሰመሩ የክለብ ወቅት በ50 ሜትር ገንዳ የሚደረግ ነው፤ አንድ ውድድር ብዙ ጊዜ ከዓርብ እስከ እሑድ ይዘልቃል፤ ልጁ 200 እና 400 ሜትርም ይዋኛል፤ ያስመዘገበው ሰዓትም በዩኤስኤ ስዊሚንግ መዝገብ ውስጥ ገብቶ ለሻምፒዮና መግቢያ ያገለግለዋል። በሰመር ሊጉ ቅዳሜ የተያዘ ሰዓት በአብዛኛው እዚያ መዝገብ ውስጥ አይገባም። ብዙ ወላጅ የማያስተውለው ሌላ ልዩነትም አለ፦ ሊጉ የልጁን ዕድሜ የሚቆጥረው ጁን 1 ላይ በነበረው ሲሆን፣ ክለቡ ግን ውድድሩ በሚጀመርበት ቀን ባለው ነው። ስለዚህ ጁላይ መግቢያ ላይ 11 ዓመት የሚሞላት ልጅ ቅዳሜ ጠዋት ከ9 እና 10 ዓመት ልጆች ጋር ተሰልፋ አንደኛ ስትወጣ፣ በሚቀጥለው ሳምንት በክለቡ ውድድር ከ12 ዓመት ልጆች ጋር ገብታ መጨረሻ ልትሆን ትችላለች። ይህን አስቀድሞ ለልጅቱ ማስረዳት ከብዙ እንባ ያድናል።

እንግዲህ ሁለቱ በአንድ ቅዳሜ ሲገናኙ የቱ ይቅደም? እኔ የምመዝነው ልጁ ሲቀር የሚጎዳው ማን እንደሆነ በማየት ነው። በክለብ ውድድር ልጁ ቢቀር የሚቀረው የራሱ ሰዓትና የከፈልነው የመመዝገቢያ ገንዘብ ነው። በሰመር ሊግ ግን ቡድኑ በየውድድሩ ሦስት ዋናተኛ ብቻ ስለሚያሰልፍ፣ የደረት ዋና የምትችል አንዲት የ12 ዓመት ልጅ ስትቀር የራሷ ነጥብ ይጎድላል፤ አራት ዓይነት ዋና የሚጠይቀው ቅብብልም ሊፈርስ ይችላል፤ ሌሎች ሦስት ልጆች ሳምንቱን ሙሉ የተለማመዱበት ይባክናል። ስለዚህ በተራው ሳምንት፣ ምንም ሻምፒዮና በሌለበት፣ ቅዳሜ ጠዋት ለሰፈሩ ቡድን እንዲሰጥ አጥብቄ እመክራለሁ። ክለቡ ከፈቀደ ልጁ በእሑዱ ክፍል ብቻ ሊመዘገብ ይችላል፤ የመመዝገቢያው ቀን ከውድድሩ ሳምንታት ቀድሞ ስለሚዘጋና የተከፈለው ገንዘብ አብዛኛውን ጊዜ ስለማይመለስ ግን ይህ በጊዜ መወሰን አለበት።

በጁላይ አጋማሽ ሚዛኑ ይለወጣል። ልጁ ዓመቱን ሙሉ የለፋበትን የክልሉን የ50 ሜትር ገንዳ ሻምፒዮና መግቢያ ሰዓት ካገኘ፣ ያ ሳምንት የክለቡ ነው፤ የሰፈሩ አሠልጣኝም ከግንቦት ወር ጀምሮ ቀኑን ካወቀ ምትክ ያዘጋጃል እንጂ ቅር አይሰኝም። በዚህ አካባቢ ሁለቱን አስታርቆ መዋኘት አዲስ ነገር አይደለም። በሜሪላንድ በኩል ባለው የሞንጎመሪ ካውንቲ ሊግ ለፓሊሴድስ ገንዳ ቡድን እየዋኘች ያደገችው ኬቲ ሌዴኪ በክለብም ትሠለጥን ነበር፤ በ2012 በለንደን ኦሊምፒክ የ800 ሜትር ወርቅ ስትወስድ ገና 15 ዓመቷ ነበር። ይህን የማነሣው ልጆቻችን ሁሉ ሻምፒዮን ይሆናሉ ለማለት አይደለም፤ የሰመሩ ሊግ ጎበዝ ዋናተኛን ያበላሻል የሚሉ የክለብ ሰዎች ስለሚያጋጥሙ ነው።

የማልቀበለው አንድ አሠራር ግን አለ። ጠዋት በሰፈሩ ገንዳ ሁለት ውድድርና ቅብብል ዋኝቶ፣ እርጥብ ፀጉሩን ይዞ በ495 አውራ ጎዳና ወደ ኮሌጅ ፓርክ የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ገንዳ ለከሰዓቱ የክለብ ውድድር የሚወሰድ ልጅ አይቻለሁ። ዩኤስኤ ስዊሚንግ ራሱ 12 ዓመትና ከዚያ በታች ላሉ ልጆች አንድ የውድድር ክፍል ከአራት ሰዓት እንዳይበልጥ ታስቦ እንዲታቀድ የሚጠይቀው ያለ ምክንያት አይደለም። ሁለቱን በአንድ ቀን መደረብ ያንን ጥበቃ ወላጁ በገዛ እጁ ማፍረስ ነው። በሳምንቱ ቀናትም እንዲሁ፣ ልጁ ጠዋት በሰፈር ማታ በክለብ ሁለቱንም ልምምድ ሙሉ በሙሉ መሥራት የለበትም፤ የክለቡ ልምምድ ዋናው ሆኖ በሰፈሩ ገንዳ መነሻና መታጠፊያ ላይ ቢያተኩር ይበቃዋል፤ በ25 ሜትር ገንዳ መታጠፊያው ብዙ ስለሆነ ለዚህ ይመቻል።

ለሐበሻ ቤተሰብ ሊጉ ከክለቡ የሚሻልበት አንድ ግልጽ ነገር እሑድን ነጻ መተዉ ነው። የክለብ ውድድር እሑድ ጠዋትን ይወስዳል፤ ቅዳሴም፣ ሰንበት ትምህርት ቤትም ይቀራል። ሊጉ ቅዳሜ ከሰዓት ላይ ሁሉን ነገር ጨርሶ ስለሚለቀን ሠርግም እንደርሳለን። በሌላ በኩል የጁላይ 4 ሳምንት ፈተና ነው፤ በዚያ ሰሞን ከ1984 ጀምሮ በሰሜን አሜሪካ የሚደረገው የኢትዮጵያውያን የስፖርት ፌስቲቫል ወደ ሌላ ከተማ የሚወስደን ዓመት ካለ፣ ከሁለቱም አሠልጣኞች ጋር ቀድሞ መነጋገር ግድ ይላል። የሰኔ ጾምም እስከ ሐምሌ 5፣ ማለትም እስከ ጁላይ 12 ስለሚቆይ ከሊጉ ወቅት ጋር ይገጥማል። ልጁ የሚጾም ከሆነ የንስሐ አባትን ማማከር ነው፤ በገንዳው ዳር የሚሸጠው ምግብ በአብዛኛው እንቁላልና ዶናት ስለሆነ ሙዝ፣ ቴምርና የለውዝ ቅቤ የተቀባ ዳቦ ከቤት ይዞ መሄድ ይሻላል።

ጉድለቶቹን ሳልናገር ባልፍ ግምገማው ሙሉ አይሆንም። አሠልጣኞቹ ብዙዎቹ የሃይስኩልና የኮሌጅ ተማሪዎች ናቸው፤ ፍቅራቸውና ጉልበታቸው የሚያስመሰግን ቢሆንም የደረት ዋና እግር አመታትን ለማረም የክለቡን አሠልጣኝ ያህል አይበቁም። የወላጅ ሥራም ቀላል አይደለም፤ ውድድሩ የሚካሄደው በፈቃደኛ ወላጆች ስለሆነ ሰዓት ይዘው፣ ልጆችን በተራ አሰልፈው ወይም ዳኛ ሆነው ቅዳሜውን በፀሐይ ላይ ይቆማሉ። እኔ ይህን እንደ ጥቅም ነው የማየው፤ ሰዓት የያዘ ወላጅ ከጎረቤቱ ጋር ይተዋወቃል፣ የልጁንም ስፖርት ከውስጥ ያውቃል። በእውነት የሚያስቸግረው የመረጃው ነገር ነው። የቡድኑ ማስታወቂያ በአንድ መተግበሪያ፣ የክለቡ በሌላ ይመጣል፤ አንዱ ሌላውን አያውቀውም፤ ነጎድጓድ ተሰምቶ ውድድር ሲቋረጥ ወይም ሲተላለፍ መልእክቱ ለሁሉም እኩል አይደርስም። እኛ የሁለቱንም ቀኖች በሜይ ወር በአንድ ወረቀት ላይ ጽፈን ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፈን፣ ቅጂውን ለሁለቱም አሠልጣኞች መላክ ጀምረናል፤ ከዚያ ወዲህ ማንም አልተቀየመንም።

ዋጋውን በተመለከተ፣ የቡድኑ መመዝገቢያ ከክለቡ ወርኃዊ ክፍያ ጋር ሲተያይ ትንሽ ነው፤ ነገር ግን ልጁ ለመወዳደር ቤተሰቡ የገንዳው አባል መሆን ይኖርበታል፤ አንዳንድ ገንዳዎችም ረጅም የተጠባባቂ ዝርዝር አላቸው። ልጃችሁ 13 ዓመት አልፎት ለብሔራዊ ደረጃ የሚዘጋጅ ከሆነ፣ ወይም ሁለታችሁም ቅዳሜ ጠዋት የምትሠሩ ከሆነ፣ የሰኞ ማታውን ውድድር ብቻ የሚፈቅድ ቡድን ፈልጉ። ለሌላው ሁሉ፣ ከመመዝገባችሁ በፊት በአቅራቢያችሁ ባለ ገንዳ አንድ ቅዳሜ ሄዳችሁ ተመልከቱ፤ የቡድኑን የወላጆች ተወካይ ጠይቁና ከክለብ ጋር ደርበው የሚዋኙ ልጆችን እንዴት እንደሚያስተናግዱ ንገሩን በሏቸው።