በበጋ አንዴ ወይስ በሁለት ወቅት? የፎገራ ሜዳ የዱር እንስሳት ዳሰሳ

የርብና የጉማራ ወንዞች ጣና ሐይቅ ከመግባታቸው በፊት በሚያጥለቀልቁት የፎገራ ሜዳ ላይ ትልቅ ግንባታ ሲታሰብ፣ የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 አስቀድሞ ጥናት እንዲደረግ ይጠይቃል። አከራካሪው ነገር መቼ እንሂድ የሚለው ነው።

የበጋው ጉዞ ይመቻል። መኪና ማሳው ድረስ ይገባል፣ ወጪውም ቀላል ነው። የአውሮፓን ብርድ ሸሽተው የመጡ ክሬን የሚባሉ ባለረጅም እግር ወፎች ከአጨዳ በኋላ የወደቀ እህል ሲለቅሙ ይታያሉ፤ ለመቁጠርም አያስቸግሩም።

ክረምት የጨመሩበት ግን ሌላ አገር ያያሉ። ጭቃው ቦቲ ያወልቃል፣ መንገዱ ይዘጋል። ሆኖም ባለዘውዱ ጥቁር ክሬን ጎጆውን የሚሠራው በዝናቡ ወራት፣ ውኃ በተኛበት ረጅም ሣር መሀል ነው። ያው ቦታ በጥር ከብት የሚግጥበት ደረቅ ሜዳ ስለሚሆን፣ ቅጹ ላይ «ምንም የለም» ተብሎ ይታለፋል። የጣና የባርበስ ዓሦችም ወንዞቹን ሽቅብ ወጥተው እንቁላል የሚጥሉት በክረምቱ ነው፤ በበጋ የመጣ ሰው የሚያየው የጎደለ ውኃና ለመስኖ የተጠመደ ፓምፕ ብቻ ነው።

ጉማሬ ወቅት አይመርጥም። ወደ ሐይቁ በተጠጋ ማሳ ላይ ማለዳ ቢወጡ አራት ጣት ያለው ሰፊ ዱካ ሊያገኙ ይችላሉ። ባያገኙም ሌሊት ማሳ የሚጠብቀው ገበሬ ይነግርዎታል (ከየትኛውም ካሜራ ይልቅ እሱን አምናለሁ)።

እኔ ሁለቱንም ወቅት እመርጣለሁ። ገንዘቡ ለአንድ ጉዞ ብቻ ከበቃ ግን ጥርን ትቼ መስከረም ላይ እሄዳለሁ፤ ውኃው ገና አልሸሸም፣ በእግርም ይኬዳል።