የአባቴን ድምፅ የመለሰልን ካሴት ቤት

በ1982 ዓ.ም. አባቴ ጅዳ ለነበረችው እኅቴ በደብዳቤ ፈንታ ድምፁን የቀዳበት ባለ 60 ደቂቃ ካሴት፣ ክሩ ተበጥሶ በእናቴ ሳጥን ውስጥ ለዓመታት ተቀምጦ ነበር። ሃምሳ ዓመቴን ስደፍን ናፍቆቱ ስለበረታብኝ፣ የቆዩ ካሴቶችን ወደ ፍላሽ ወደሚገለብጥ አንድ የሰፈራችን ሱቅ ወሰድኩት።

ባለሙያው ብሎኖቹን ፈትቶ የተጨማደደውን ጫፍ በመቀስ አስተካከለ፤ ከጀርባው በኩል በጥንቃቄ ከቀጠለው በኋላም፣ እኛ በልጅነታችን በቢክ እስክሪብቶ እናደርግ እንደነበረው፣ ክሩን በእጁ ቀስ እያለ አጠነጠነው። በተቀጠለው ቦታ ላይ ጥቂት ቃላት እንደሚጠፉ አስቀድሞ ነግሮኛል፤ ይህን ግልጽነቱን አደንቃለሁ። በአንድ ገጽ 30 ደቂቃ ስለሚፈጅ ቁጭ ብዬ ጠበቅሁ። አባቴ ጉሮሮውን ጠርጎ «እንደምን ከረምሽ ልጄ፣ እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን» ሲል፣ ከበስተኋላው የእናቴ ሙቀጫ ይሰማ ነበር፤ ያን ጊዜ እንባዬን መቆጣጠር አልቻልኩም።

ዋጋው ተመጣጣኝ ነው። ቅር ያለኝ አንድ ነገር ቢኖር፣ ጫጫታው የተጣራበት ቅጂ ሙቀጫውንም ማደብዘዙ ነው። ያልተጣራውን ስጠይቅ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ሰጥቶኛልና፣ እናንተም ካሴታችሁን ስትወስዱ ሁለቱንም ቅጂ ጠይቁ።