ሰፊ መስመር፣ ቅድሚያ ወይስ ብልህ ወረፋ?

ስብሰባ መሀል ድምፅ ሲቆራረጥ ሁሉም "ኢንተርኔቱ ደካማ ነው፣ ፍጥነት ይጨመር" ይላል። ከመጨመራችሁ በፊት አንድ ነገር ሞክሩ። ትልቅ ፋይል እየጫናችሁ ፒንግ አድርጉ፤ ፒንግ መልእክት ደርሶ እስኪመለስ የሚፈጀውን ጊዜ ይለካል። 20 ሚሊሰከንድ የነበረው 300 ከገባ ጣጣው ወረፋ ነው። የፋይሉ ፓኬቶች (ተቆራርሶ የሚላክባቸው ቁራጮች) ራውተሩ ውስጥ ተከማችተዋል፣ ድምፁም ከኋላ ተሰልፏል።

ድምፅ ሲበዛ ቁጥብ ነው። በጂ.711 ኮዴክ (ድምፅን ወደ ዲጂታል የሚቀይር ስልት) አንድ ጥሪ በአንድ አቅጣጫ 80 ኪሎቢት በሰከንድ ገደማ ይበቃዋል። መዘግየት ግን አይችልም፤ ዓለም አቀፉ የቴሌኮም ኅብረት (አይቲዩ) ጂ.114 በተባለው ምክረ ሐሳቡ ያስቀመጠው የምቾት ልክ በአንድ አቅጣጫ 150 ሚሊሰከንድ ነው። ቪዲዮ ስፋትም ሰዓትም ይፈልጋል። ኢሜይል ግማሽ ሰከንድ ቢዘገይ ማን ልብ ይለዋል?

መስመር ማስፋት ቀላሉ ነው፤ ከፍሎ መገላገል። መስመሩ ቀኑን ሙሉ የሚጨናነቅ ከሆነ ሌላ መፍትሔ የለውም። ለደቂቃዎች ብቻ የሚሞላ ከሆነ ግን ባክአፑ (የፋይሎች መጠባበቂያ ቅጂ ሲላክ) አዲሱንም ስፋት ጥርግ አድርጎ ይበላዋል። ሂሳቡ ደግሞ በየወሩ ነው።

በዲፍሰርቭ፣ ማለትም ፓኬቶችን በምልክት በመለየት፣ ቅድሚያ መስጠት ከ1998 ጀምሮ ያለ ስልት ነው። የድምፅ ፓኬት 46 የሚል ምልክት ይለጠፍበትና ከፊት ይሰለፋል። በራሳችሁ ስዊቾችና ምልክቱን በሚያከብር የኤምፒኤልኤስ መስመር (ከአገልግሎት ሰጪ የሚከራዩት የግል መስመር) ላይ ግሩም ነው። የሕዝብ ኢንተርኔት ውስጥ ሲገባ ግን ምልክቱን የሚያየው የለም፣ አንዳንዴም ይሰረዛል። ባለሙያም ይፈልጋል። ብዙ ቦታ የሚሠራው ስህተት ቪዲዮን ከድምፅ ጋር አንድ ወረፋ ውስጥ መክተት ነው፤ ቪዲዮው ድንገት ሲያብጥ ድምፁን ይደፈጥጠዋል።

ለትንሽ ቢሮ እኔ የምመርጠው ብልህ ወረፋን ነው፤ ኤፍኪው ኮዴል ወይም ኬክ የሚባል የወረፋ አስተዳደር ስልት ያለው ራውተር። ምልክት ሳይጠይቅ ለእያንዳንዱ ግንኙነት የየራሱን ወረፋ ይሰጣል፣ ስግብግቡን ያስታግሳል። ራውተሩ ላይ ፍጥነቱን ከመስመራችሁ ትክክለኛ አቅም ትንሽ ዝቅ አድርጎ መሙላት ብቻ ነው። ትንሽ ፍጥነት ትከስራላችሁ፣ አይቆጭም። የመስመሩ ፍጥነት በየሰዓቱ ከተለዋወጠ ግን ትክክለኛውን ቁጥር ማግኘት ራስ ምታት ነው።

ሌላው የራውተሩ ፕሮሰሰር ነው። ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ፍጥነት ብዙ ጊዜ ይህ የወረፋ ሥራ ጠፍቶ የተለካ ነው። ሻጩን "ወረፋው ሲበራ ስንት ሜጋቢት ያሳልፋል?" በሉት። መልስ ካልሰጠ፣ ዕቃውን ለመመለስ የሚያስችል የሙከራ ጊዜ ጠይቁ።