ሳቢዮኔታ፦ ትኬት ካልተቆረጠ የማትታይ ከተማ

ሳቢዮኔታ ከማንቶቫ በስተደቡብ ምዕራብ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የፖ ወንዝ ሜዳ ላይ የተቀመጠች፣ 4,000 ያህል ነዋሪ ያላት ትንሽ የሰሜን ጣሊያን ከተማ ናት። ሁለቱ ከተሞች በ2008 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት አንድ ላይ ተመዝግበዋል። ብዙ ጎብኚ ግን መንገዱን ዞር ዞር ብሎ፣ ፒያሳ ዱካሌ ላይ ቡና ጠጥቶ፣ «ባዶ ከተማ ናት» እያለ ይመለሳል። አልተሳሳተም። ውጪውን ብቻ ላየ ሰው ባዶ ናት። ሱቅ ጥቂት፣ ሰው ጥቂት፣ ግድግዳው ደግሞ ያልተለበጠ ጡብ። ያላት ሁሉ በር ውስጥ ነው፤ የበሩ ዋጋም ይገባታል።

ይህን ለመረዳት ባለቤቷን ማወቅ ያሻል። ቬስፓሲያኖ ጎንዛጋ (1531–1591) የጦር ሰውም የምሽግ ሥራ አዋቂም ነበር። የስፔኑን ንጉሥ ዳግማዊ ፊሊፕን አገልግሏል፤ ናቫራንና ቫለንሲያንም በእንደራሴነት ገዝቷል። ከ1550ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞቱ ድረስ የአባቶቹን ትንሽ ግዛት አፍርሶ «አዲሲቱን ሮም» ሲሠራ ኖረ። በ1577 ንጉሠ ነገሥት ዳግማዊ ሩዶልፍ ቦታዋን የመስፍን ግዛት አደረገለት። ነገር ግን ወንድ ልጁ ሉዊጂ በ1580 በለጋ ዕድሜው ሞተ። አባትየው በንዴት ረግጦት ነው የሚል አፈ ታሪክ አለ፤ አስጎብኚዎች ይወዱታል፣ በማስረጃነት ግን አይያዝም። መስፍኑ ወንድ ወራሽ ሳይተካ ሲያልፍ ከተማዋም እዚያው ላይ ቆመች። በኋላ ዘመን የሚያስፋፋት ባለጸጋ ስላልመጣ እቅዷ ሳይበረዝ ደረሰን።

ቅጥሩ ስድስት ሹል ማዕዘን ያለው የኮከብ ቅርጽ ነው። ዋናዎቹ በሮች ሁለት ናቸው፤ ፖርታ ቪቶሪያ በ1567፣ ፖርታ ኢምፔሪያሌ በ1579 የተሠሩ። መኪና ከቅጥሩ ውጭ አቁሞ በእግር መግባት ነው። ካርታው ላይ መንገዶቹ በማስመሪያ የተሰመሩ ይመስላሉ፤ ሲሄዱባቸው ግን ከበር ወደ በር የሚወስደው ዋና መንገድ ጫፎቹ ላይ ይታጠፋል። ሆን ተብሎ ነው፦ በሩን ሰብሮ የገባ ጠላት ከተማዋን በአንድ እይታ እንዳያያት፣ በአንድ አቅጣጫም ተኩሶ እንዳይጠርጋት። በዚህ የተነሳ ዛሬም አራት ሺህ ሰው ባለባት ከተማ ውስጥ እንግዳ ይጠፋል።

ትኬቱ የሚቆረጠው ፒያሳ ዳርሚ ላይ፣ ፓላሶ ጃርዲኖ ካለው የጎብኚዎች ቢሮ ነው። ለእያንዳንዱ ሕንጻ ለብቻ ከመክፈል ሁሉን የሚያጠቃልለውን መግዛት ያዋጣል፤ አንዱን ብቻ አይቶ መውጣት የመጽሐፍ መሐል ገጽ ገንጥሎ እንደ ማንበብ ነው። ከመክፈል በፊት ግን ምኩራቡና የቤተ ክርስቲያኑ ሙዚየም ውስጡ ተካተው እንደሆነ ይጠየቅ። አብዛኛው ሰው የሚሸወደው በሰዓት ነው። ሰኞ የጣሊያን ትናንሽ ሙዚየሞች ብዙውን ጊዜ ዝግ ናቸው፤ በሌላው ቀንም ምሳ ሰዓት ላይ፣ በእኛ አቆጣጠር ከሰባት ሰዓት ጀምሮ፣ በሩ ሊዘጋ ይችላል። አምስት ሰዓት ተኩል ላይ የደረሰ ሰው ግማሹን ሳያይ ሜዳ ላይ ይቀራል። ስለዚህ በጠዋት መግባት፣ ቢያንስ አራት ሰዓት መመደብ።

ቅደም ተከተሉም ለውጥ አለው። መጀመሪያ ፓላሶ ጃርዲኖ፣ የመስፍኑ የግል ማረፊያ፤ የሠዓሊው የበርናርዲኖ ካምፒ እና የረዳቶቹ ሥዕሎች ያሉበት። ክፍሎቹ ትናንሽ ስለሆኑ ወዲያው ከእነሱ ወጥቶ ወደ ጋለሪያ ዴሊ አንቲኪ ሲገባ ድንጋጤው ሙሉ ይሆናል፦ 97 ሜትር ርዝመት ያለው፣ በግራም በቀኝም በመስኮት የተሞላ አንድ ወጥ አዳራሽ። የተሠራው በ1580ዎቹ አጋማሽ የመስፍኑን ጥንታዊ ሐውልቶች ለማስቀመጥ ነበር። ሐውልቶቹ ግን የሉም፤ በ18ኛው ክፍለ ዘመን በኦስትሪያ አገዛዝ ዘመን ወደ ማንቶቫ ተወስደዋል። ስለዚህ የሚታየው ባዶ ረጅም ክፍል ነው፤ በዚህ የሚያዝን ሰው አለ። ለካሳ ያህል ጫፎቹ ላይ ያለውን ሥዕል ልብ ማለት ነው። ከመሐል ሆነው ሲያዩት አዳራሹ በዓምድ ታጅቦ ከግድግዳው ወዲያ የሚቀጥል ይመስላል። እየቀረቡ ሲሄዱ የተሳሉት ዓምዶች መዘመም ይጀምራሉ፤ አጠገቡ ሲደርሱ ቀለምና ልስን ብቻ ሆኖ ይቀራል። አዳራሹን የሚሄዱበት ለዚያች ቅጽበት ነው።

ፓላሶ ዱካሌ፣ ማለትም የመስፍኑ ቤተ መንግሥት ላይ ረጅም ጊዜ ማጥፋት አያስፈልግም። የተቀረጹት የእንጨት ጣሪያዎች አንገት ቀና ያስደርጋሉ፤ የአያት ቅድመ አያቶቹ ምስል በልስን የተሠራበት ክፍልም አለ። መታለፍ የሌለበት የንስሮች አዳራሽ የሚባለው ነው። እዚያ ጎንዛጋዎች በፈረስ ላይ ሆነው በቁመታቸው ልክ ከእንጨት ተጠርበው ቆመዋል። ድሮ ብዙ ነበሩ፤ ከቃጠሎ የተረፉት አራት ናቸው።

ቲያትር ቤቱን ለመጨረሻ ማቆየት ይሻላል። ቴአትሮ አላንቲካን የነደፈው ቪንቼንሶ ስካሞሲ ነው፤ ከ1588 እስከ 1590 ተሠራ። የቪቼንሳው ቴአትሮ ኦሊምፒኮ በ1585 ቢቀድመውም እሱ የገባው ቀድሞ በነበረ ሕንጻ ውስጥ ነው። የሳቢዮኔታው ግን ከመሠረቱ ለቲያትር ብቻ ታስቦ ራሱን ችሎ የቆመ ነው፤ ለመስፍኑ፣ ለተመልካቹና ለተዋናዮቹ የተለያየ መግቢያ ነበረው። ውጪው ግድግዳ ላይ በላቲን «ሮም ምን ያህል ታላቅ እንደነበረች ፍርስራሿ ራሱ ያስተምራል» የሚል ተጽፏል። ውስጡ ትንሽ ነው፤ ትንሽነቱም ነው የሚያስደንቀው። በግማሽ ክብ የተደረደረ የእንጨት መቀመጫ፣ ከበስተኋላው የቆሮንቶስ ዓምዶች፣ ዓምዶቹ አናት ላይ የኦሊምፖስ አማልክት ሐውልቶች። ግድግዳው ላይ የሮም ቄሳሮች ተስለዋል፤ ከላይ ደግሞ በረንዳ ተደግፈው ቁልቁል የሚያዩ የተሳሉ ሰዎች አሉ። የዛሬው ተመልካች ለአራት መቶ ዓመት ሲያይ ከኖረ ታዳሚ ጋር ይቀመጣል ማለት ነው። መድረኩ ላይ የሚታየው ጎዳና ግን የስካሞሲ እጅ አይደለም። የመጀመሪያው ጠፍቶ፣ ፊሬንሴ (ፍሎረንስ) ከተማ ኡፊሲ ሙዚየም ውስጥ በተቀመጠው ንድፉ መሠረት በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ እንደገና የተሠራ ነው። ከአዳራሹ መሐል መስመር ላይ ሆኖ ማየት ይገባል፤ ከጎን ላየው ቤቶቹ የተንጋደዱ ይመስላሉ።

የኢንኮሮናታ ቤተ ክርስቲያን ስምንት ማዕዘን ነው። መስፍኑ የተቀበረበት ሲሆን ሌዎኔ ሌዎኒ የሠራው የነሐስ ሐውልቱ መቃብሩ ላይ ተቀምጧል። በ1988 መቃብሩ ሲከፈት በ1585 የተሸለመው የወርቅ በግ ኒሻን ተገኘ፤ በጣም ትንሽ ነገር ናት፣ ሙዚየሙ ውስጥ በመስታወት ትታያለች። ምኩራቡ የ1824 ሥራ ነው። የሚገኘው ከሕንጻው የላይኛው ፎቅ ስለሆነ ደረጃ መውጣት ለሚቸገር ሰው አይመችም። አይሁዳዊው አሳታሚ ቶቢያ ፎዋ ከ1551 ጀምሮ የዕብራይስጥ መጻሕፍት ያሳተመው በዚችው ከተማ ነው።

ምግቡ ጥሩ ነው፤ ለእኛ ሰው ግን ማስጠንቀቂያ አለው። የአካባቢው መታወቂያ ቶርቴሊ ዲ ሱካ፣ ማለትም በዱባ የተሞላ ፓስታ ነው። ዱባ ነው ተብሎ ረቡዕና ዓርብ ቢታዘዝ ጾም ይፈታል፦ ሊጡ እንቁላል፣ ውስጡ አይብ፣ ከላይ ቅቤ ነው። ጣፋጭ ስለሆነም ጨው የሚጠብቅ ሰው ግራ ይጋባል። ምናሌው ላይ «አዚኖ» የሚል ካለ አህያ ነው፤ «ካቫሎ» ፈረስ፣ «ማያሌ» አሳማ። ፖሌንታ ከበቆሎ ገንፎ ብዙም አይርቅም፤ ግን አንዳንዴ የተቀጠቀጠ የአሳማ ሞራ ከላይ ይጨመርበታል። ስብሪሶሎና የሚባለው የአልመንድ ኬክም በጥንቱ አሠራር ግማሹ ቅቤ ግማሹ የአሳማ ሞራ ነው። «ቼ ስትሩቶ?» ብሎ መጠየቅ ነው፤ ሞራ አለበት ወይ ማለት ነው። በቢላ አይቆረጥም፣ በእጅ ይሰበራል።

ከማንቶቫ አውቶቡስ አለ፤ እሑድና በዓል ቀን ግን ይሳሳል፣ ትምህርት ቤት ሲዘጋም ፕሮግራሙ ይቀየራል። ከፓርማ የሚመጣ በባቡር ካዛልማጆሬ ድረስ ይደርሳል፤ ከዚያ የሚቀረው ጥቂት ኪሎ ሜትር ነው፣ ታክሲ ግን ቆሞ አይጠብቅም። ሦስትና አራት ሆኖ መኪና መከራየት ከሁሉም ይቀላል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ሙቀቱና የወባ ትንኙ አያስቆምም፤ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ጭጋጉ መንገዱን ይሸፍናል። ሚያዝያ፣ ግንቦት ወይም መስከረም ይመረጣል። የመመለሻው አውቶቡስ ሰዓት ሲደርሱ ሳይሆን ማንቶቫ ሲሳፈሩ ይጠየቅ፤ ማታ ላይ የሚጠየቅ ሰው አይገኝም።