ቆሞ መደገፍ ወይስ ተቀምጦ መመልከት፦ ዶርትሙንድ እና የእንግሊዝ ስታዲየሞች

የጀርመኑ ክለብ የቦሩሲያ ዶርትሙንድ ስታዲየም ደቡባዊ ትሪቡን (የተመልካች ክፍል) በቡንደስሊጋ፣ ማለትም በጀርመን ከፍተኛ ሊግ፣ ጨዋታዎች ወደ 25,000 የሚጠጉ ደጋፊዎችን ቆመው ስለሚያስተናግድ፣ ዝማሬው ከአንድ አፍ የወጣ ያህል ሜዳውን ይሞላዋል፤ የመቆሚያ ትኬቱም ከመቀመጫው ስለሚረክስ ወጣቱ ከስታዲየም አይርቅም።

በእንግሊዝ ግን እ.ኤ.አ. በ1989 በሂልስቦሮ ስታዲየም ለ97 የሊቨርፑል ደጋፊዎች ሞት ምክንያት ከሆነው የመጨናነቅ አደጋ በኋላ፣ አደጋውን የመረመረው የቴይለር ሪፖርት ባቀረበው ምክር መነሻነት በሁለቱ ከፍተኛ ሊጎች መቀመጫ ግዴታ ሆነ። ደኅንነቱ ተሻሻለ፤ ድባቡ ቀዘቀዘ የሚለው ወቀሳ እውነትነት ቢኖረውም፣ ጥፋቱን በወንበሩ ላይ ብቻ መጫን አያስኬድም (የሊቨርፑል ስታዲየም አንፊልድ በአውሮፓ ውድድር ምሽቶች ወንበር እያለው ይናወጥ የለ?)፤ የትኬት ዋጋ መናርም ነባሩን ደጋፊ አርቋል።

ከእ.ኤ.አ. 2022 ወዲህ እንግሊዝም የብረት መደገፊያ በተገጠመላቸው ስፍራዎች መቆምን ስለፈቀደች፣ የእኔ ምርጫ ወደ ዶርትሙንድ ያጋድላል።