ሲካ ላቴክስ፦ አሮጌው ኮንክሪት ላይ አዲስ ልስን ለማስያዝ

አሮጌ ኮንክሪት ላይ የተለሰነው ሁሉ እየተነሳ ያስቸገረው ሰው ይህን ያንብብልኝ። ሥራዬ ልስን ነው። ሲካ ላቴክስን በረንዳ፣ የተሸረፈ የደረጃ ጠርዝና የሻወር ቤት ወለል ስጠግን እጠቀምበታለሁ። በጣም ወድጄዋለሁ።

ነጭ ፈሳሽ ነው። ውሃ ውስጥ የተበተነ በጣም ደቃቅ ሰው ሠራሽ ጎማ አለበት። ውሃው ሲመጠጥና ሲተን ጎማው እርስ በርሱ ተያይዞ በሲሚንቶው መሃል ስስ ሽፋን ይሠራል። አዲሱን ከአሮጌው ጋር የሚያስተሳስረው ይሄ ነው። ውሃም እንደ ልቡ አያስገባም።

መጀመሪያ የላላውን በመሮ አራግፋለሁ፣ በሽቦ ብሩሽ ፈግፍጌ አቧራውን አጥባለሁ። ኮንክሪቱ ውሃ ይጠግባል፤ ላዩ ላይ ግን የተኛ ውሃ መኖር የለበትም። ከዚያ አንድ እጅ ላቴክስ ከአንድ እጅ ውሃ ጋር ቀላቅዬ፣ ወፈር ያለ የእንጀራ ሊጥ እስኪመስል ሲሚንቶ እጨምርበታለሁ። በብሩሽ ቀዳዳው ውስጥ እስኪገባ አሽቼ እቀባዋለሁ።

ዋናው ነገር እዚህ ጋ ነው። ቅቡ ሳይደርቅ ልስኑ ሊደርስበት ይገባል። ደርቆ ከተለሰነበት ማጣበቁ ቀርቶ ጭራሽ መለያያ ይሆናል። ስለዚህ ረዳቴ ልስኑን አቡክቶ ሳይጨርስ ብሩሽ አላነሳም፤ በተለይ ፀሐይ ሲበረታ። በአንዴ የምቀባውም ወዲያው ልለስነው የምችለውን ያህል ብቻ ነው። ልስኑም ውስጥ ላቴክስ ከገባ ውሃ ማጠጣቱን አላበዛም። የመጀመሪያውን ቀን በላስቲክ እሸፍነዋለሁ፣ ከዚያ አየር ያገኛል። ጎማው የሚያያዘው ሲደርቅ ነዋ።

አንዳንዱ ይረክሳል ብሎ ነጭ የእንጨት ኮላ ይቀላቅላል። ኮላ ውሃ ሲያገኘው መልሶ ይላላል። ሻወር ቤት በፍጹም እንዳታስገቡት!

ዋጋው ይከብዳል፣ እሱን አልደብቅም። በሃይላንድ እየቀዱ የሚሸጡ ሱቆችም አሉ፤ ምን ያህል ውሃ እንደገባበት በዓይን አይለይም። እኔ የታሸገ ጄሪካን ብቻ ነው የምገዛው፣ ቀኑንም አይቼ።

ደግሞ ሁሉንም ነገር አይፈታም። የቢም (የአግዳሚው ተሸካሚ) ወይም የኮለን (የምሰሶው) ብረት ዝጎ ኮንክሪቱን ገፍቶ ከጣለው፣ ላቴክስ ቀብቶ መለሰን ችግሩን መሸፈን ነው። እንዲህ ያለ ቤት ስጠራ መሐንዲስ ሳያየው ሥራውን አልቀበልም።